ምላጭ ገፎ የጣለው

በከብት ምርምር ማዕከሉ እርድ ክፍል ዋናውን ካራ የሚይዘው ሰው ምላጭ ይባላል። እናቱ ያወጣችለትን ስም የሚያውቀው የደመወዝ ክፍሉ ብቻ ነው። ምላጭ ያሉት ድሮ በከተማው ቄራ አብረውት የሠሩ ቆራጮች ናቸው፤ ያሉትም ሊያሾፉበት አልነበረም። እሱ የነካው ሥጋ ላይ ክር የምታህል ጅማት፣ የሽንኩርት ልጣጭ የምታህል ሽፋን አትገኝም። ሌላው እየቦጫጨቀ የሚታገለውን ሽንጥ እሱ እያፏጨ ይገፈዋል፤ ቀዩን ብቻ እንደ አዲስ ሳሙና አለስልሶ ጠረጴዛው ላይ ያሳርፈዋል።

«ሥጋ ማለት ይሄ ነው፤ ሌላው ኮተት ነው» ይልና ኮተቱን ወደ ባልዲው ይወረውራል። ዞር ብሎ ሳያይ ነው የሚወረውረው፤ ስቶም አያውቅም።

ያከበረውን ሰው የማይረሳ፣ የናቀውን ደግሞ ከነቀኑ፣ ከነልብሱ የሚያስታውስ ሰው ነበር። ሁለት ቂም ነበረው፤ ሁለቱንም እንደ ካራው ጊዜ እየጠበቀ ይስላቸዋል። አንዱ በታናሽ ወንድሙ ላይ ነው። አባታቸው ሲሞት አንዱ መሥራት፣ አንዱ መማር ነበረበት። ታላቁ ደብተሩን ጥሎ ቄራ ገባ፤ ታናሹ ተማረ። ተምሮ፣ ሱፍ ለብሶ፣ በሠርጉ ቀን እንግዶቹን እርስ በርስ ሲያስተዋውቅ ታላቅ ወንድሙ ጋ ደረሰና «እሱ ደግሞ... ከቤተሰብ ነው» ብሎ አለፈ። ወንድሜ የምትለውን ቃል ዘለላት። ያስተማረችው እኮ የዚያ የካራ እጅ ናት! ግን ማን ያስታውሳል?

ሁለተኛው ቂም በማዕከሉ ኃላፊ ላይ ነው። ኃላፊውና ምላጭ በልጅነታቸው አንድ ወንበር ላይ ተቀምጠዋል፤ ሒሳብ ሲከብድ ዓይኑን ወደ ጎን የሚልከውም ኃላፊው ነበር። ይህ ሰው ተሹሞ የመጣ ዕለት ሠራተኛውን በሰልፍ አቁሞ አንድ በአንድ ጨበጠ። ምላጭ ጋ ሲደርስ የዘረጋውን እጁን ወደ ኪሱ መለሰና «ያንተ እጅ እንኳ ስብ አያጣውም!» ብሎ ሳቀ። ሰልፉም አብሮ ሳቀ፤ አለቃ ሲስቅ የማይስቅ የት አለ? ምላጭ ግን ያን ጠዋት ክንዱን እስከ ክርኑ በሳሙና ፈትጎ፣ ጥፍሩን ቆርጦ ነበር የመጣው።

እንግዲህ በዚህ ማዕከል ነው የወንድሙ ልጅ ተመራማሪ ሆና የተመደበችው። መምጣቷን ሲሰማ «የአባቷ ልጅ አይደለች? ከሩቅ አይታ 'ከቤተሰብ ነው' ትለኛለች» ብሎ አንገቱን ደፍቶ ሥራውን ቀጠለ። ልጅቷ ግን ከእርድ ክፍሉ በር ጀምራ «ጋሼ!» እያለች መጣችና በነጭ ጋዋኗ አንገቱ ላይ ተጠመጠመች፤ ከነሽርጡ፣ ከነደሙ። ኃላፊው ቆሞ ያያል። ጋዋኗ በደም ተጨማለቀ፤ ከቁብም አልቆጠረችው። ከዚያ ቀን ወዲህ ያቺ ልጅ የታረደው ከብት ተነሥቶ ይሂድ ብትለው ምላጭ መልሶ ይሰፋው ነበር።

«እሺ የኔ እመቤት» አላት አንድ ቀን ካራውን በሞረድ እየሳለ፣ «እኔ ከብቱን አርጄ ስሰጥሽ አንቺ ምን ልታደርጊው ነው?»

«አደልበዋለሁ።»

ሞረዱ ቆመ። «ከሞተ በኋላ?»

«ከሞተ በኋላ።»

«እኛ በቁሙ ነበር የምናደልበው፤ ትምህርት ደግሞ ሌላ ነው» አለና ወደ ሥራ ባልደረባው ዞረ። ይኼ ባልደረባው ምሳር ይባላል፤ ምላጭ እረፍት ሲወጣ የሚተካው እሱ ነው። ሥጋን እንደ ማገዶ ስለሚፈልጥ ነው ስሙ የወጣለት። ምሳር ከት ብሎ ሳቀ። «ታዲያ ለምን እንደክማለን? ይታረድና ይደልባ!»

ልጅቷም ሳቀች። ከዚያ የተገለበጠ ሣጥን ላይ ቁጭ ብላ ነገሩን አስረዳችው። ከብቱ ሲሞት ሥጋው ውስጥ ያሉት ሕዋሳት ወዲያው አይሞቱም። ቶሎ ከደረሱላቸው ከሥጋው ተለይተው በሳህን ውስጥ እየተመገቡ ይኖራሉ። ከእነዚህ መካከል ምን እንደሚሆኑ ገና ያልቆረጡ አሉ፤ የስብ ሕዋስ ሊሆኑም፣ እንዲሁ ሊቀመጡም ይችላሉ።

«የሚወስንላቸው ማነው?»

«ቆዳቸው ላይ ተቀባይ የሚባል ነገር አለ ጋሼ። በር ላይ የቆመ ዘበኛ በለው። ከሰውነት መልእክት ይመጣል፤ ዘበኛው ተቀብሎ ወደ ውስጥ ያስተላልፋል። እኔ የያዝኩት ዘበኛ 'ገና ነህ፣ ስብ እንዳትሆን' የሚለውን መልእክት የሚቀበል ይመስለኛል። ጆሮውን ብደፍነው ሕዋሱ ከልካይ ያጣል፣ ስብ ማከማቸት ይጀምራል።»

«የእኛን ዘበኛ ከመሰለማ ጆሮው ቢደፈን ባይደፈን ለውጥ የለውም።»

«ስማኝ እንጂ! ከብት ሲደልብ ስቡን የት ነው የሚያኖረው?»

«ሆዱ ውስጥ፤ ከቆዳው ሥር። ሞራ በሞራ ይሆንና ቆርጠን እንጥለዋለን።»

«አየህ? መኖው ሁሉ ለሚጣል ነገር ሄደ ማለት ነው። እኔ የምፈልገው በሥጋው መሐል እንደ ነጭ ክር የሚሰራጨውን ነው፤ ሥጋውን የሚያለሰልሰውን። የትኛው ተቀባይ እንደሚያዘው በደንብ ካወቅን ዝርያውንም መኖውንም በዚያ መምረጥ እንችላለን።»

ምላጭ ሁሉም አልገባውም፤ የገባው ግን በቂው ነበር። ልጅቷ በአንድ ትንሽ ዘበኛ ላይ ስሟን አስይዛለች።

ገና ስትጀምር ሙከራው እንዴት እንደሚሄድ ለማየት ከአንድ ወይፈን ሽንጥ ናሙና ወስዳ ነበር። ያን ጊዜ ምላጭ እረፍት ላይ ነበረና የቆረጠው ምሳር ነው። እንዳሰበችው ሆነላት። የዘበኛውን ጆሮ ስትደፍን ሕዋሳቱ ስብ ቋጠሩ። በዚያ ተማምና ዋናውን ጥናት ስትጀምር ደግሞ ምላጭ ተመልሷል። ለሌላው ተመራማሪ እንደ ነገሩ ቆርጦ የሚያቀብለው ሰውዬ ለወንድሙ ልጅ ሲሆን እጁ ዓይን አበቀለ። ሽንጡን ያወጣል፣ ይገፍፋል፣ ከመሐል ከመሐሉ ቀይ ቀዩን ይመርጣል፤ በበረዶ ሣጥን አድርጎ ሥጋው ገና ትኩስ ሳለ እየሮጠ ደረጃውን ይወጣል። በሩ ላይ ሲያስረክባት «እንደዚህ ያለ ሥጋ ንጉሥም አልበላ» ይላታል።

የመጀመሪያው ወይፈን ሕዋሳት ስብ አልሆኑም። የሁለተኛውም አልሆኑም። ልጅቷ ሕዋሱን ከሥጋው የሚለየውን መድኃኒት ቀየረች፤ የሳህኑን ምግብ ቀየረች፤ የማሞቂያ ሣጥኑን አስፈተሸች። ሦስተኛውም እምቢ አለ። ፊቷ ከሳ። ኃላፊው ቢሮው ጠራትና ከአንገት በላይ እያዘነ ነገራት፤ ሳምንቱ መጨረሻ ላይ ስብሰባ አለ፣ እዚያ ጥናቱ ይታያል፣ ሦስት ከብት የበላ ጥናት አራተኛ አይሰጠውም፤ የመጀመሪያዋም ውጤት ምናልባት ቆሻሻ ገብቶባት ይሆናል። ከተዘጋ ደግሞ እሷም ወደ ሌላ ክፍል ሄዳ የሌላ ሰው ሥራ ታግዛለች።

ይህን ወሬ ለምላጭ ያደረሰው ምሳር ነው፤ ምሳ ሰዓት ላይ፣ ግድግዳ ተደግፈው ፀሐይ ሲሞቁ።

«የሚገርመኝ» አለ ምሳር ጥርሱን በእንጨት እየጎረጎረ፣ «እኔ የቆረጥኩት ሠርቶላታል። አንተ የቆረጥከው ነው እምቢ ያላት። ከብቱ አንተን ሲያይ ስቡ ደንግጦ ይሸሻል መሰለኝ።»

«አፍህን ዝጋ አንተ እንጨት ፈላጭ!»

«እንጨትም ልፍለጥ፣ ስብ አውጥቻለሁ ምላጬ!»

ምላጭን ሳቁ ሳይሆን ነገሩ ነው የከነከነው። አንድ ከብት በምሳር እጅ፣ ሠራ። ሦስት ከብት በእሱ እጅ፣ አልሠራም። ሒሳብ ደግሞ ያውቃል። ሽርጡን ፈትቶ መንጠቆው ላይ ሰቀለና ደረጃውን ወጣ፤ በዚህ ጊዜ ባዶ እጁን።

ልጅቷ ብቻዋን ነበረች። «ያ የምሳር ሥጋ ምን እንደሚመስል አሳዪኝ» አላት። ለምን ብላ አልጠየቀችም፤ ከዚያው ሥጋ በጣም ስስ ተደርጎ የተቆረጠውን ቅዳጅ ማጉያ መነጽሩ ሥር አስገባችለት። ምላጭ አጎንብሶ አንድ ዓይኑን ጨፈነ። መጀመሪያ የራሱን ሽፋሽፍት ብቻ ነው ያየው። ቆይቶ ግን የሥጋው ክሮች እንደታሰረ ጭድ በጥቅል በጥቅል ሆነው ታዩት፤ በጥቅሎቹ መካከል ደግሞ አረንጓዴ ነጥብ እዚህም እዚያም ያበራል።

«አረንጓዴው ምንድነው?»

«ተቀባዩ ነው። የሚያበራ ቀለም አስይዤበት ነው። ያ ያለበት ሕዋስ ነው ስብ መሆን የሚችለው።»

«ሥጋው ላይ አይደለም እኮ ያለው።»

«ክሮቹ ላይ አይደለም፤ በጥቅሎቹ መሐል ነው። ሽፋኑ ውስጥ፣ በትናንሾቹ የደም ሥሮች ዳር ዳር።»

ምላጭ ቀና አላለም። «የኔን ደግሞ አድርጊልኝ።»

አደረገችለት። ቀይ፣ ጥርት ያለ፣ እንደተጠረገ ግቢ። አረንጓዴ ፈልጎ ፈልጎ ጥግ ላይ አንዲት ነጥብ አገኘ፤ እሷም ካራው የሳታት መሆን አለባት።

«ከብቶቹ ይለያያሉ ብዬ ነበር» አለች ከኋላው። «ከዚያ መድኃኒቱ ነው አልኩ። ከነዚህ የሚወጣልኝ የጡንቻ ሕዋስ ብቻ ነው፣ እሱ ደግሞ ስብ ሁን ቢሉት...» ድምፅዋ ተቋረጠ። «ጋሼ። ሥጋውን ይዘህልኝ ከመምጣትህ በፊት ምን ታደርገዋለህ?»

ምላጭ ቀስ ብሎ ቀና አለ። ሊዋሽ ይችል ነበር። በሚቀጥለው ከብት ዝም ብሎ እንደ ምሳር ቦጭቆ ቢሰጣት ማን ያውቅበታል?

«እገፈዋለሁ» አላት። «ሽፋኑን፣ መሐል ለመሐል የሚሄደውን ነጩን፣ የደም ሥሩን ሁሉ። ላንቺ ስል ከሌላው አስበልጬ። ዘበኞችሽን ከነቤታቸው ባልዲ ውስጥ ስጥላቸው ነው የከረምኩት።»

ልጅቷ ግንባሯን ይዛ ወንበሩ ላይ ተቀመጠች። ትስቅ ታልቅስ አልታወቀም። በመጨረሻ ሳቅ ሆኖ ወጣ። «ጥፋቱ የኔ ነው። 'የሽንጥ ቁራጭ' ብዬ ጽፌ ላክሁ እንጂ አንድ ቀን ወርጄ ከጎንህ ቆሜ አላየሁም።» ዓይኗን ጠረገች። «ሀሳቤ ትክክል ነበር ማለት ነው! ትክክል ነው ጋሼ! አሁን ለስብሰባው የሦስቱ ናሙና አወሳሰድ ስህተት ነበረበት እላለሁ። ማን እንደቆረጠ አላነሳም።»

«በዚህ ግቢ ውስጥ ዋናውን ካራ የሚይዝ ሌላ ማን አለና ነው? አንቺ ዝም ብትዪ ግድግዳው ይናገራል። ከሰው አፍ ከምሰማው እኔው እናገረዋለሁ።»

«ኃላፊው ያሾፍብሃል።»

«አሹፎብኝ የማያውቅ ይመስል!»

የስብሰባው ቀን ምላጭ ቦት ጫማውን አጥቦ፣ ንጹሕ ሸሚዝ ለብሶ ገባ። ረጅም ጠረጴዛ፣ ዙሪያውን ዶክተር በዶክተር። ልጅቷ ግድግዳው ላይ ሥዕሎቿን እያሳየች ነበር፤ ኃላፊው ሰዓቱን ያያል።

«አንተን ደግሞ ማን ጠራህ?» አለው ኃላፊው።

«ሥጋው ነው የጠራኝ።»

አንዳንዱ ሳቀ። ምላጭ እስኪጨርሱ ጠበቃቸው። ከዚያ በእርድ ክፍሉ ድምፁ፣ ሳይቸኩል፣ ሦስቱን ናሙና እንዴት እንደቆረጠ፣ ምኑን ገፎ ምኑን እንደጣለ ተናገረ። ልጅቷ ሁለቱን ሥዕሎች ጎን ለጎን አወጣች፤ አረንጓዴ ያለበትንና የተጠረገ ግቢ የመሰለውን።

ኃላፊው ወንበሩ ላይ ወደ ኋላ ተለጠጠ። እንዲህ ያለ ቀን ሲናፍቅ የኖረ ነው የሚመስለው። «ታዲያ ምላጭ ደንዟል በለኛ!»

«አልደነዘም» አለ ምላጭ። «ከሚያስፈልገው በላይ ስሏል። ጥፋቱ እሱ ነው፣ ጥፋቱም የኔ ነው። የልጅቷ ግን አይደለም፤ ያሰበችው ገና አልተሞከረም። ሦስት ጊዜ የሞከራችሁት የኔን ጽዳት ነው።»

«ይህን እንዴት እናምናለን? ዘመድህ ናት።»

«አትመኑኝ» አለች ልጅቷ ቶሎ ብላ። «አንድ ከብት ብቻ ስጡኝ። ከአንዱ ጎን ሽንጡ ተገፎ፣ ከሌላው ጎን ከነሽፋኑ ይቆረጥልኝ። ሳህኖቹ ላይ ምልክት የሚያደርገው ደግሞ ሌላ ሰው ይሁን፤ የትኛው የትኛው እንደሆነ እኔም አላውቅም።»

ከጠረጴዛው ጥግ በዕድሜ የገፉ አንዲት ፕሮፌሰር «ከዚህ የበለጠ ምን ይፈለጋል?» አሉ። ኃላፊውም የሰው ዓይን አስገደደውና ፈቀደ፤ ምልክት የሚያደርገውን ሰው ግን እኔ እመርጣለሁ አለ።

አራተኛው ወይፈን ታረደ። ግራውን ጎን ምላጭ ዓይኑን ጨፍኖም ይሠራዋል፤ ገፈፈ፣ አለሰለሰ፣ ሰጠ። ቀኙ ላይ ግን ጉድ ፈላ። ሽንጡን አወጣ፣ ከነሽፋኑ ጠረጴዛው ላይ አኖረው፤ አኑሮት ሳይጨርስ የካራው ጫፍ በራሷ ፈቃድ ወደ ነጩ ሽፋን ሄደች።

«ተዋት!» ጮኸ ምሳር። «እጅህን ሰብስብ!»

«ምን አደረኩ?»

«ልትገፍፋት ነው! አየሁህ! ከዚያች ከወፍራሟም ራቅ!»

«ይቺን ብቻ፣ ይቺ እንኳ በጣም ታስጠላለች...»

«ንካትና እገልሃለሁ! ዘበኞቹ እዚያ ናቸው ተብሏል!»

ልጅቷ የበረዶ ሣጥኑን ታቅፋ በሩ ላይ ቆማለች፤ በዚህ ጊዜ ወርዳለች። ምላጭ በሕይወቱ እንደዚያ ያለ አስቀያሚ ቁራጭ ቆርጦ አያውቅም። ጅማቱ ተንጠልጥሎ፣ ሽፋኑ ተጨማዶ፣ የደም ሥሩ እንደተቆረጠ ቱቦ ጎልቶ ይታያል። ፊቱን አዙሮ ሰጣት።

«ቆንጆ ነው ጋሼ።»

«አትሳደቢ» አላት።

ሳህኖቹ ላይ ምልክቱን ኃላፊው የመረጠው ሰው ብቻውን አደረገ፤ ሕዋሳቱም ጊዜያቸውን ወሰዱ። ምላጭ በዚያ ሰሞን ኮራ ብሎ ነበር የሚሄደው፤ ሰው ሲጠይቀው «ይደልባል» ይላል፣ ሌላ ቃል አይጨምርም። ያየውን አይቷል፤ አረንጓዴው የት እንደሚኖር ያውቃል። ቀኑ ደርሶ ስብ ያለበትን ሁሉ ቀይ የሚያደርገው ቀለም በሳህኖቹ ላይ ሲፈስ ኃላፊው ራሱ ላቦራቶሪ ገባ። ምላጭና ምሳርም በሩ ላይ ቆሙ፤ ማንም ውጡ አላላቸውም።

የኃላፊው ሰው ምልክቱን እያነበበ ሳህኖቹን ለያቸው። ከተገፈፈው ጎን የወጡት ዘበኛው ቢደፈንም ባይደፈንም ያው ገርጥተው ቀሩ። ከሌላው ጎን ግን፣ የዘበኛው ጆሮ የተደፈነባቸው ሳህኖች ውስጥ የዶቃ ክር የተበጠሰ ይመስል ነበር፤ ቀይ፣ ድቡልቡል፣ ጥቅጥቅ ያለ። ዘበኛው ሳይነካ እንዳለ የተተወባቸው ሳህኖች ትንሽ ትንሽ ቀይ ይዘዋል። 'ገና ነህ' የሚለው መልእክት በብዛት የተጨመረባቸው ደግሞ፣ ከዚያው ሥጋ ወጥተው፣ አንድም ጠብታ አልቋጠሩም።

«ዘበኛው ነው!» አለች ልጅቷ። አልጮኸችም፤ ድምፅዋ ግን ክፍሉን ሞላው። «ሲሰማ ይከለክላል፣ ሳይሰማ ይለቃል። እሱ ነው የሚያዘው።»

ኃላፊው ማጉያው ላይ ብዙ ቆየ። አንዱን ሳህን አንሥቶ ሌላውን አስገባ፤ ያንን አንሥቶ የመጀመሪያውን መለሰ። የሚያመልጥበት ቀዳዳ ያጣ ይመስላል፣ በመጨረሻ ቀና ብሎ «ይቀጥላል» አለ። «በሦስቱ ፋንታ ሌላ ሦስት ከብት ይሰጥሻል።» ልጅቷን ጨበጣት። ዘወር ሲል ምላጭን አየውና፣ ሰው ሁሉ እያየ፣ እጁን ዘረጋለት።

ምላጭ የተዘረጋውን እጅ አየ። የራሱንም አየ፤ እስከ ክርኑ የታጠበ ነበር። ልክ እንደዚያ ቀን።

«ተወው» አለው፣ እንደ ድሮ የወንበር ጓደኛው አንተ ብሎ። «የኔ እጅ ስብ አያጣውም።»

ምሳር ሳቁን ሊውጥ ሲታገል ሳል አደረገው። ኃላፊው እጁን ወደ ኪሱ መለሰ፤ መንገዱን ያውቀዋል። የምላጭ አንጀት ቅቤ ጠጣ። ከሁለት ቂም አንዷ ተራገፈች፤ ሌላዋን፣ የወንድሙን፣ አሁንም አልፎ አልፎ ይስላታል።

ምላጭ ለሌላው ሰው ዛሬም እንደ ጥንቱ ነው፤ ገፎ፣ አለስልሶ፣ ወደ ኋላ ይወረውራል። ለልጅቷ ከብት በሚታረድበት ቀን ግን ሥራ ሳይጀምር ባልዲውን ይገለብጥና ይቀመጥበታል። እጁን ስለማያምናት ነው።